ጣዕሙ የማን ነው? ስለ ሙዚቃ ምርጫ የምንናገርባቸውን ቃላት በመዝገበ ቃላት ስለ መፍታት

1. መግቢያ

«ሰሞኑን ምን እያዳመጥክ ነው?» የሚለው ጥያቄ በወዳጆች መካከል ዘወትር የሚነሣ፣ መልሱም ቀላል የሚመስል ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ በዚህ ጥያቄና በመልሱ ውስጥ የሚገኙትን ቃላት አንድ በአንድ ፈትቶ ለመመዝገብ በሚነሣበት ጊዜ ነገሩ እንዳሰበው ቀላል ሆኖ አያገኘውም። «ሙዚቃ» ምን ምን ያካትታል? «የሙዚቃ ጣዕም» ሲባል ጣዕሙ የዜማው ነው ወይስ የሰሚው? «ትዝታ እወዳለሁ» የሚል ሰው የሚወደው ቅኝቱን ነው፣ ዘፈኑን ነው ወይስ ስሜቱን? በዚህ ጽሑፍ እነዚህንና የመሳሰሉትን ጥያቄዎች በተቻለ መጠን ለማብራራት፣ በመጨረሻም ለውይይት መነሻ የሚሆኑ ጥቂት ፍችዎችን ለማቅረብ እንሞክራለን።

ወደዚህ ጉዳይ እንድንገባ ያደረገን አንድ ገጠመኝ አለ። ከሙዚቃ ጋር የተያያዙ ቃላትን ለመሰብሰብ ካዘጋጀነው መጠይቅ ውስጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ዓይነት ሙዚቃ ያዳምጣሉ?» የሚል ነበር። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት «እኔ ልጄ፣ ሙዚቃ አልሰማም» ሲሉ መለሱልን። እኛም በቅጹ ላይ «አያዳምጡም» ብለን ጽፈን ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍን። በዚያው ሰዓት ግን ከጓዳ በኩል የበገና ድምፅ ይሰማ ነበር። ጊዜው የዐቢይ ጾም ወቅት ስለ ነበረ ሴትዮዋ ከማለዳ ጀምረው እርሱኑ ከፍተው ይውሉ ኖሯል። ስለ በገናው ብንጠይቃቸው ደርዳሪዎቹን በየስማቸው እየጠሩ፣ የአንዱን አደራደር ከሌላው እያመዛዘኑ፣ የትኛው ልባቸውን እንደሚነካ ለረጅም ጊዜ አጫወቱን። በዚያ መንደር ካነጋገርናቸው ሰዎች ሁሉ ስለሚሰሙት ነገር አጥርተው የሚያውቁት እርሳቸው ነበሩ። በቅጻችን ላይ ግን ምንም የማይሰሙ ሆነው ተመዘገቡ። ስሕተቱ የእርሳቸው ሳይሆን የኛ ነበር፤ ይኸውም አንድን ቃል ሁሉም ሰው እኛ በምንረዳው ስፋት ይረዳዋል ብለን በመገመታችን የመጣ ነው።

2. ሙዚቃ፣ ዘፈን፣ መዝሙር፣ መንዙማ

«ሙዚቃ» ከአውሮፓ ቋንቋዎች ወደ አማርኛ የገባ ቃል ነው። በአገራችን መስፋፋት የጀመረው ከነሐስ መሣሪያዎችና ከማርሽ ባንድ ጋር ተያይዞ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡትና «አርባ ልጆች» እየተባሉ የሚታወቁት አርመናውያን ወጣቶች ያቋቋሙት ባንድ በዚህ ረገድ ከፍተኛ ቦታ አለው። ከዚያም የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር የሙዚቃ ክፍሎች ቃሉን በሕዝቡ ዘንድ ይበልጥ አስለመዱት። ስለሆነም «ሙዚቃ» ገና ከመነሻው በመሣሪያ ከሚታጀብ፣ በአደባባይ ከሚቀርብና ዓለማዊ ከሆነ ዝግጅት ጋር የተቆራኘ ቃል ነው። ዛሬ ትርጉሙ እጅግ ቢሰፋም የመነሻው ጥላ ከላዩ አልተገፈፈም።

«ዘፈን» ደግሞ በተቃራኒው ጥንታዊ ነው፤ ሆኖም ፍችው ከቦታው ተንቀሳቅሷል። በግዕዝ «ዘፈነ» በዋነኛነት «ጨፈረ» ማለት ነው። በወንጌል የሄሮድያዳ ልጅ በሄሮድስ ፊት ዘፈነች ተብሎ ሲነገር የዛሬ አንባቢ ልጅቱ በድምጿ ያዜመች ሊመስለው ይችላል፤ የተባለው ግን መጨፈሯን ነው። በአማርኛ ቃሉ ከእግር ወደ ጉሮሮ ተሻግሮ በድምፅ የሚቀርበውን ዓለማዊ ዜማ መጥሪያ ሆኗል።

«መዝሙር» እና «አዝማሪ» የሚሉት ቃላት ሁለቱም «ዘመረ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጡ ናቸው። አንድ እናት የወለደቻቸው እነዚህ ሁለት ልጆች ግን በአማርኛ ተለያይተው ይኖራሉ። መዝሙር ለምስጋና፣ ለጸሎትና ለክብር የሚቀርብ ሲሆን፣ የአዝማሪ ሥራ ግን መዝሙር ሳይሆን ዘፈን ይባላል። «ብሔራዊ መዝሙር» የሚለው አነጋገር እንደሚያሳየን የመዝሙር መለያው ሃይማኖት ብቻ አይደለም፤ የሚቀርብበት የክብር ሥርዓት ጭምር ነው። በእስልምና እምነት ተከታዮች ዘንድ፣ በተለይም በወሎ፣ ከፍ ያለ ቦታ ያለው መንዙማ እንዲሁም ነሺዳ ራሳቸውን የቻሉ ስሞች ናቸው፤ እነርሱንም «ዘፈን» ብሎ መጥራት ባለቤቶቹን ቅር ያሰኛል።

ከዚህ የምንረዳው፣ በአማርኛ በድምፅ የሚቀርበውን የዜማ ሥራ ሁሉ ያለ አንዳች ቅሬታ የሚያጠቃልል አንድ ቃል አለመኖሩን ነው። በጣም የሚቀርበው «ዜማ» ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ፣ የአዝማሪውንም የክራሩንም ይይዛልና። ስለዚህ መዝገበ ቃላቱ «መዝሙር» የሚለውን «መንፈሳዊ ዘፈን»፣ «መንዙማ» የሚለውን «የእስልምና ዘፈን» ብሎ ሊፈታ አይገባውም። ፍችው በ«ዜማ» ላይ ቢመሠረት ለሁሉም የሚስማማ ይሆናል። ይህ የአክብሮት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከፍ ብለን እንደገለጽነው፣ በጠባቡ ቃል የተጠየቀ ሰው በጠባቡ ይመልሳልና፣ ፍችው ካልተስተካከለ የብዙ አድማጮች ልምድ ከመዝገብ ውጭ ይቀራል።

3. ጣዕም፣ ቃና፣ ምርጫ

ከውጭ ቋንቋ የሚተረጉሙ ሰዎች ሰው ለሙዚቃ ያለውን የግል ፍላጎት «የሙዚቃ ጣዕም» እያሉ መጻፍ ከጀመሩ ሰንብተዋል። አነጋገሩ ስሕተት ነው ብሎ መፍረድ ባይገባም፣ በአማርኛ ውስጥ ከቆየው አሠራር ጋር መጋጨቱን ግን ማስተዋል ያስፈልጋል።

አማርኛ ምላስንና ጆሮን ማያያዝ የጀመረው ዛሬ አይደለም። «ጣዕመ ዜማ» የሚለው ጥምር ቃል ለዚህ ምስክር ነው። «ቃና» የምግብና የመጠጥ መዓዛና ጣዕም መጠሪያ ሲሆን፣ ያንኑ ያህል የድምፅ መጠሪያም ነው። «ለዛ»ም እንዲሁ ለንግግርም ለዜማም ይሆናል። ይሁን እንጂ በእነዚህ ሁሉ ጣዕሙ የሚገኘው በዜማው ውስጥ እንጂ በሰሚው ውስጥ አይደለም። ግሱም ይህንኑ ያረጋግጣል፤ «ዘፈኑ ይጥመኛል» በሚለው ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ ዘፈኑ ነው፤ ሰሚው ተሳቢ ሆኖ ይቀመጣል። የሚጥመው ዘፈኑ፣ የሚጣፍጥለት ሰውዬው ነው። ስለሆነም «የከበደ የሙዚቃ ጣዕም» ቢባል የአማርኛው ተፈጥሮ የሚያስረዳን ከበደ የሚወደውን ሙዚቃ ሳይሆን፣ ከበደ የተጫወተው ሙዚቃ ያለውን ጥፍጥና ነው።

ታዲያ የሰሚው የሆነውን በምን እንጥራው? ለዚህ አማርኛ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት። አንደኛው «ምርጫ» ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ የሚፈጸመውን የመምረጥ ተግባርና የተመረጠውን ነገር ያመለክታል። አድማጮች በራዲዮ እንዲሰማላቸው የሚጠይቁት ዘፈን «የአድማጮች ምርጫ» መባሉ ትክክል ነው። ሁለተኛው «ዝንባሌ» ሲሆን፣ በሰውየው ውስጥ የሚኖረውንና ብዙ ምርጫዎችን የሚወልደውን ዘላቂ ማዘንበል ያሳያል። የአንድ ሰው ምርጫ በጾምና በፍስክ፣ በሠርግና በሐዘን ይለዋወጣል፤ ዝንባሌው ግን በአንጻሩ የጸና ነው። በሁዳዴ በገና፣ በፋሲካ ክራር የሚከፍት ሰው ምርጫውን ለወጠ እንጂ ዝንባሌውን ለወጠ አይባልም። የባዕዱ ቋንቋ አንድ ቃል ለሁለቱም ሲያገለግል፣ አማርኛው የሚለያቸው በመሆኑ ይህን ልዩነት በትርጉም ሥራ ማደብዘዝ ሀብትን መጣል ይሆናል።

በዚሁ አጋጣሚ «መስማት» እና «ማዳመጥ» የተባሉትን ግሶች መለየት ተገቢ ነው። መስማት ድምፅ ወደ ጆሮ መግባቱን ሲያመለክት ማዳመጥ ደግሞ ጆሮን ሰጥቶ፣ ልብን አውሎ መከታተልን ያመለክታል። በታክሲ ውስጥ የተከፈተ ዘፈን ይሰማል፤ ሰው መርጦ የከፈተውን ግን ያዳምጣል። በዕለት ተዕለት ንግግር «ምን እየሰማህ ነው?» ማለት የተለመደና ስሕተት የሌለበት ነው። ለመዝገብ ሥራ ግን «አድማጭ» ከ«ሰሚ» ተለይቶ ቢፈታ ይመረጣል። በአዝማሪ ቤት ደግሞ ከአድማጭም አልፎ «ተቀበል!» እያለ ግጥም የሚሰጥ፣ አዝማሪውም ተቀብሎ የሚያዜምለት ታዳሚ አለ። እንዲህ ያለው ሰው ምርጫውን የሚገልጸው ያለቀ ሥራ በመምረጥ ሳይሆን የሚፈልገውን ስንኝ ራሱ በመወርወር ነው። ለዚህ ሰው የሚሆን የታወቀ ስም በመዝገብ ሊገባ ይገባዋል።

4. የዓይነት ስሞች

ሰው የሚያዳምጠውን ሲናገር በአብዛኛው የዓይነት ስም ይጠራል። ከእነዚህ ስሞች ጥቂቶቹ በፍች ጊዜ ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ።

ሀ. «ዘመናዊ» እና «ባህላዊ»። «ዘመናዊ ሙዚቃ» ሲባል ሳክስፎን፣ ትራምፔት፣ ጊታርና ኪቦርድ በመሳሰሉ መሣሪያዎች የሚቀርበው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተቀዱ ዘፈኖች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አስቈጥረውም ዛሬ «ዘመናዊ» ይባላሉ፤ ትናንት የተቀዳ የማሲንቆ ዘፈን ግን «ባህላዊ» ነው። በዚህ አገባብ ሁለቱ ቃላት የጊዜ ሳይሆኑ የመሣሪያና የአቀራረብ መለያዎች ናቸው። «ዘመናዊ» የሚለውን «የአሁን ጊዜ» ብቻ ብሎ የፈታ መዝገብ ይህን ሙያዊ ፍች ይዘነጋል።

ለ. «ክላሲካል»። ይህ ቃል በአማርኛ ተናጋሪዎች አፍ ካመጣጡ የተለየ ፍች ይዟል። በአውሮፓ የሚያመለክተው የነሞዛርትንና የነቤትሆቨንን ዓይነት ድርሰት ሲሆን፣ በኛ ዘንድ ግን ብዙ ሰዎች ድምፃዊ የሌለበትን፣ በመሣሪያ ብቻ የሚቀርበውን ማንኛውንም ዜማ «ክላሲካል» ይሉታል። የኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. የ1985 ካሴት በርእሱ ላይ አኮርዲዮኑን በዚሁ ቃል መግለጹ ለዚህ አጠቃቀም ጥሩ ማስረጃ ነው። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ በውጭ አገር አድማጮች እጅ ሲገባ፣ ቃሉን በአውሮፓው ፍች የተረዳ ሰው የጠበቀውን አላገኘም። መዝገበ ቃላቱ ሁለቱንም ፍች ለየብቻ ቈጥሮ ማስቀመጥ ይኖርበታል። ለሁለተኛው ፍች «የመሣሪያ ሙዚቃ» የሚለው ግልጽ አማርኛ አለ።

ሐ. «ትዝታ»። ቃሉ በመጀመሪያ ያለፈው ነገር በልብ መታወሱንና ከዚያ ጋር የሚመጣውን ናፍቆት ያመለክታል። በሁለተኛ ደረጃ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ የታወቁ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች የአንዱ ስም ነው። በሦስተኛ ደረጃ በዚያው ቅኝት የሚዜምና ትዝታን በስሙ እየጠራ የሚያናግር የዘፈን ዓይነት ነው፤ ከማኅሙድ አሕመድ እስከ አስቴር አወቀ ብዙ ድምፃውያን የየራሳቸውን ትዝታ ተጫውተዋል። ሦስቱ ፍችዎች የተዛመዱ ቢሆኑም አንድ አይደሉም። በትዝታ ቅኝት የተሠራ የደስታ ዘፈን ሊኖር ይችላል፤ በሌላ ቅኝት የተዜመ የናፍቆት ዘፈንም አለ። ባቲና አምባሰል የወሎ የቦታ ስሞች መሆናቸው፣ አንቺሆዬም ከዘፈን አዝማች የተወሰደ መሆኑ የሚያሳየው፣ የቅኝት ስሞች ከሙዚቃ ቀመር ሳይሆን ከሕዝቡ ኑሮ የወጡ መሆናቸውን ነው። «ቅኝት» የሚለው ቃል ራሱ «ቃኘ» ከሚለው ግስ የመጣ ሲሆን፣ አውታርን ማስተካከልንም አካባቢን ማሰስንም ያመለክታል።

መ. በየትኛውም ስም የማይገቡ። ለመዝገብ ሥራ እጅግ የሚጠቅመው ከክፍፍሉ ውጭ የሚሆነው ምሳሌ ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1923 ተወልደው በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉ መነኩሲት የፒያኖ ደራሲ ነበሩ። የፒያኖ ሥራዎቻቸው ቃል ስለሌለባቸው መዝሙር ለማለት ያስቸግራሉ፤ ዘፈን ማለትማ ከቶ አይቻልም። በፒያኖ ስለ ቀረቡ ባህላዊ፣ በአገራችን ቅኝት ስለ ተቃኙም የአውሮፓ ክላሲካል አይባሉም። እ.ኤ.አ. በ2006 «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ኅትመት 21ኛ ሆነው ከወጡ ወዲህ በብዙ አገሮች ይደመጣሉ። የዓይነት ስም አጥተው ሳለ አድማጭ አላጡም። ከዚህ የምንማረው የዓይነት ስሞች አድማጭን ለመርዳት የተሰጡ መሆናቸውንና ፍችያቸውም በር የሚዘጋ መሆን የማይገባው መሆኑን ነው።

5. ከሸክላ እስከ ስልክ

የማዳመጫው መሣሪያ በተለወጠ ቍጥር ቃላቱም ይለወጣሉ። በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ድምፃቸውን ያስቀዱበትን ዓይነት ክብ ዝርግ ነገር ሕዝቡ «ሸክላ» ብሎ ሰይሞታል። የጥንቱ የሙዚቃ ዝርግ እንደ ሸክላ ዕቃ ሲወድቅ የሚሰበር ነበርና ስሙ የተገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የሸክላ ማሳተም ሥራ ሲጀምሩ ዝርጉ የሚሠራው በቀላሉ ከማይሰበር ፕላስቲክ ነበር፤ ስሙ ግን «ሸክላ» እንደ ሆነ ቀጠለ። ዛሬ የዚያን ጊዜ ሥራዎች እንደገና በሸክላ እየታተሙ ስለሚወጡ፣ ሊረሳ ተቃርቦ የነበረው ቃል በወጣቶች አፍ ተመልሷል። ቃልን ሞቷል ብሎ ከመዝገብ ለመሰረዝ መቸኰል እንደማይገባ ይህ ጥሩ ትምህርት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1963 ፊሊፕስ ያስተዋወቀው ካሴት በአገራችን ሸክላን በተካ ጊዜ፣ «ካሴት» የዕቃው ብቻ ሳይሆን የሥራውም ስም ሆነ፤ «አዲስ ካሴት አወጣ» ማለት አዲስ የዘፈን ስብስብ አቀረበ ማለት ነበር። ዕቃው ሲቀር ይህ ስም «አልበም» ለሚለው ቃል ቦታውን ለቀቀ። በተናጠል የሚወጣው ሥራ «ነጠላ ዜማ» መባሉ ግን ማንም ባለሥልጣን ሳያዝዝ በሕዝቡና በጋዜጠኞች የተፈጠረ ጥሩ ስያሜ ነው። «ነጠላ ዘፈን» አለመባሉም ብልህነት ነው፤ መዝሙሩንም ለመያዝ ይችላልና።

ከግሶች መካከል «ቀዳ» የሚለው ትኵረት ይገባዋል። ውሃ ከምንጭ ይቀዳል፤ ጽሑፍ ከጽሑፍ ይቀዳል፤ ድምፅም ይቀዳል። በሦስቱም ምንጩ ሳይጠፋ ከምንጩ መውሰድ አለ። ከኢንተርኔት መውሰድን «ማውረድ»፣ ወደዚያ መስደድን «መጫን» ማለትም እየተለመደ ነው። ሙዚቃ «ይከፈታል»፣ «ይዘጋል»፤ ይህም ከራዲዮኑ ዘመን የቆየ አነጋገር ነው። በገና ይደረደራል፣ ዋሽንት ይነፋል፣ ከበሮ ይመታል፤ ለሁሉም «ተጫወተ» የሚለውን አንድ ግስ ብቻ መጠቀም እየተስፋፋ ስለ ሆነ እነዚህን የየመሣሪያውን ግሶች በምሳሌ አስደግፎ መመዝገብ አስቸኳይ ነው።

ወጣቶች «ፕሌይሊስት» የሚሉትን በአማርኛ ለመሰየም ብዙ ሐሳብ ተሰንዝሯል። «የምርጫ ዝርዝር» ቢባል የዕጩ ተመራጮች ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ይመስላል፤ «የድምፅ ዝርዝር» ቢባልም ከዚያው አያመልጥም። «የዘፈን ዝርዝር» ደግሞ በክፍል 2 በገለጽነው ምክንያት መዝሙሩንና መንዙማውን ያስቀራል። ስለዚህ «የማዳመጫ ዝርዝር» የሚለውን ለጊዜው እናቀርባለን። ሳያከማቹ ከመረብ ላይ በቀጥታ ማዳመጥን በተመለከተ ግን «ሳያወርዱ ማዳመጥ» በሚል ገለጻ ብንረካ ይሻላል። «ቀጥታ» የሚለው ቃል ለቀጥታ ሥርጭት ስለ ተያዘ ግራ ያጋባል። ተናጋሪው ራሱ ቃል እስኪያወጣለት ድረስ መታገሥም የመዝገበ ቃላት ሥራ አንዱ ክፍል ነው።

6. ለውይይት የቀረቡ ፍችዎች

ሙዚቃ፣ ስም። በሰው ድምፅ፣ በመሣሪያ ወይም በሁለቱም በሥርዓት ተቀነባብሮ የሚሰማ ድምፅ። ማስታወሻ፤ ብዙ ተናጋሪዎች መንፈሳዊውን ዜማ በዚህ ስም አይጠሩም።

ዘፈን፣ ስም። ከግጥም ጋር በድምፅ የሚቀርብ ዓለማዊ ዜማ። የጥንት ፍች፤ ጭፈራ።

መዝሙር፣ ስም። ለምስጋና፣ ለጸሎት ወይም ለክብር በድምፅ የሚቀርብ ዜማ።

መንዙማ፣ ስም። በሙስሊሞች ዘንድ ለአምላክና ለነቢዩ ውዳሴ በግጥም የሚቀርብ ዜማ።

ጣዕመ ዜማ፣ ስም። በዜማው ውስጥ የሚገኝ፣ ለጆሮ የሚጥም ባሕርይ።

የሙዚቃ ምርጫ፣ ስም። አድማጭ በአንድ ወቅት መርጦ የሚያዳምጠው።

የሙዚቃ ዝንባሌ፣ ስም። አድማጭ ለአንድ ዓይነት ዜማ ያለው ዘላቂ ፍላጎት።

ትዝታ፣ ስም። 1) ያለፈ ነገር በልብ መታወስ፤ ናፍቆት። 2) ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ። 3) በዚህ ቅኝት የሚዜም፣ ስለ ናፍቆት የሚናገር የዘፈን ዓይነት።

ሸክላ፣ ስም። 1) በእሳት የተተኰሰ የጭቃ ዕቃ። 2) ድምፅ የተቀዳበት ክብ ዝርግ።

7. መደምደሚያ

አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደስታ ተክለ ወልድ ያቆዩልን ታላላቅ መዝገበ ቃላት የተሰበሰቡት ከመጻሕፍት ብቻ ሳይሆን ከሕዝብ አፍ ጭምር ነው።

እኛም መጠይቃችንን አሻሽለናል። የመጀመሪያው ጥያቄ አሁን «ቤትዎ ውስጥ ምን ዓይነት ዜማ ይሰማል?» የሚል ሲሆን፣ ከሥሩ ዘፈን፣ መዝሙር፣ መንዙማ፣ የመሣሪያ ሙዚቃ እና «ሌላ» የሚሉ ቦታዎች ተከፍተዋል። ከሁሉ በላይ ሰፊው ቦታ የተተወው ለ«ሌላ» ነው። ወደ እኒያ እናት ቤትም ተመልሰን «አያዳምጡም» ያልነውን ሰርዘን፣ ስለ በገና አደራደር የነገሩንን ቃላት በጥንቃቄ ጽፈናል።

አንባብያን በየአካባቢያቸው ስለ ዜማ፣ ስለ ማዳመጥና ስለ ምርጫ የሚነገሩ ቃላትን፣ የሚነገሩበትን ዓረፍተ ነገርና የቦታውን ስም ጭምር ጽፈው ቢልኩልን ሥራውን በእጅጉ ያግዙታል። ከላይ የቀረቡት ፍችዎች የመጨረሻ ውሳኔ አይደሉም፤ የሚቃወም ማስረጃ ሲገኝ የሚታረሙ ናቸው።